ጠርሙስና ብርሃን፦ የሚያንጸባርቅ ዕቃ በፎቶግራፍ የሚነሣበት ጥበብ ታሪክ

አዘዞ ዛሬ የጎንደር ከተማ አካል ናት። በአውሮፕላን የሚመጣው መንገደኛ አስቀድሞ የሚረግጣት፣ ከመተማ በኩል የሚገባው ጭነትም የሚያልፍባት የከተማዋ ደጃፍ ናት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ግን አዘዞ የአፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) የማረፊያና የአትክልት ሥፍራ ነበረች። በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በዚያ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ የውሃ ገንዳ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ከስፔን የመጡ የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ፍርስራሹን ቆፍረው አጥንተውታል።

ነፋስ ያላወከው ገንዳ የራሱ መልክ የለውም። ሰማዩ ሲጠራ ሰማያዊ፣ ደመናው ሲከብድ አመድማ ይሆናል፤ በዳርቻው ላይ የቆመው ዛፍ ተገልብጦ ይታይበታል። የሚያንጸባርቅ ዕቃ ሁሉ ጠባዩ ይኸው ነው። ከዚሁ ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚያዘልቀው አቅጣጫ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል፣ ዛሬ በየቀኑ እጅግ ብዙ ጠርሙስ የሚሞላበት የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ይገኛል። ያ ጠርሙስ ለማስታወቂያ በካሜራ ፊት በቆመ ጊዜ ባለሙያውን የሚገጥመው ችግር ከገንዳው ውሃ ችግር አይለይም። ጠርሙሱ የሚያሳየው በዙሪያው ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ ጠርሙስን በፎቶግራፍ የማንሣት ታሪክ፣ በሌላ አነጋገር፣ የጠርሙሱን ዙሪያ የማዘጋጀት ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከመስተዋት እስከ ብርሌ

ጎንደር ከሚያንጸባርቅ ዕቃ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በከተማዋ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ስለ ዳግማዊ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1730–1755) ቤተ መንግሥት ሲጽፍ ከቬኒስ በቀይ ባሕር በኩል የመጡ ትላልቅ መስተዋቶችን ያወሳል። መስተዋት በዚያ ዘመን የነገሥታት ጌጥ ነበር። በሕዝቡ ቤት የነበሩት የመጠጥ ዕቃዎች ቅሉ፣ ሸክላውና የቀንዱ ዋንጫ ሲሆኑ፣ በተለይ ቅልና ሸክላ በላያቸው ያረፈውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑ ቅርጻቸውና ቀለማቸው ከየትም ወገን ለዓይን ግልጽ ነው።

ብርጭቆ ወደ ተራው ሕዝብ ማዕድ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ክብ የሆነው ብርሌ ጠጅ ሞልቶ በመስኮት አጠገብ ቢቀመጥ፣ መስኮቱ ራሱ ጎብጦና አንሶ በሆዱ ላይ ይታያል። ተመልካቹም ጠጋ ብሎ ቢያይ የገዛ ፊቱን ያገኛል። ጠጪው ይህን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ ምስሉን ለመያዝ ለተነሣ ሰው ግን የድካሙ ሁሉ ምንጭ እርሱ ነው።

ካሜራ ወደ ደጋው ሲወጣ

ፎቶግራፍ ገና እንደ ተፈለሰፈ የብርጭቆ ዕቃ ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ ሆኗል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ የቆሙ የብርጭቆ ዕቃዎችን ምስል ካወጣ በኋላ፣ ብርጭቆ በወረቀቱ ላይ የሚተወው አሻራ ከሸክላ ዕቃ አሻራ የተለየ መሆኑን አስተውሎ ጽፏል።

ካሜራ ወደ ጎንደር አካባቢ ለመምጣትም ብዙ አልዘገየም። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በአገሩ ተዘዋውሮ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሎችም በእነዚሁ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከመሐንዲሶቹ ክፍል የተውጣጣ የፎቶግራፍ ቡድን ነበረው። የቡድኑ ዋና ሥራ ካርታና የመንገድ ንድፍ ማባዛት ሲሆን፣ ከዚያ ጋር የአገሩን መልክና የሰዎችን ምስል አንሥቷል። ካሜራን በደጋው ላይ ለሥራ መሣሪያነት ከተጠቀሙበት ቀዳሚዎች መካከል መሐንዲሶች እንደ ነበሩ መታወሱ ለሙያው ባልደረቦች ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የመጡበት ዓላማ ግን ወረራ መሆኑ አይዘነጋም።

በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማለቂያ ጀምሮ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሠርተዋል። በእነዚህና በኋላ በየከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች የተገነባው ጥበብ የሰው ፊት ጥበብ ነው። የሰው ቆዳ ብርሃንን ስለሚበትን አንድ መብራት በግራ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ በቀኝ ቢቀመጥ ፊት በጥላና በብርሃን ተከፍሎ ያምራል። ያንኑ መብራት ወደ ጠርሙስ ያዞረ ሰው ያገኘው ግን ሁለት ነጫጭ ነጥቦችንና አንድ ጨለማ ቅርጽ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የጠርሙስ ፎቶግራፍ የፊት ፎቶግራፍ ተቀጥላ ሳይሆን ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ባለሙያዎች የተረዱት በሥራ ላይ ነው።

ቡናማው ጠርሙስና ሰማያዊው ብርሃን

የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሆነው ለውበት አይደለም። ሆፕ የሚባለው፣ የጌሾን ሥራ ለቢራ የሚሠራው ተክል፣ በቢራው ውስጥ መራራ ንጥረ ነገሮችን ይተዋል። ከ350 እስከ 500 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን፣ ማለትም ከዓይን የተሰወረው ሐምራዊ ዘለልና ሰማያዊው፣ ወደ ቢራው ሲደርስ፣ በቢራው ውስጥ ያለው ሪቦፍላቪን ብርሃኑን ተቀብሎ እነዚያን ንጥረ ነገሮች ይሰባብራል። ከዚያም ድኝ ያለበትና እጅግ በጥቂቱ እንኳ የሚከረፋ ውሕድ ይፈጠራል። ቡናማ ብርጭቆ የዚህን ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ስለሚያግድ ቢራውን ይጠብቃል።

በ19ኛው ምእተ ዓመት ይሠራባቸው የነበሩት የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ደግሞ የሚያዩት ይህንኑ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበር። ቢራውን ከብርሃን የጠበቀው ብርጭቆ ከካሜራውም ሰወረው ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ሰሌዳ ላይ ቡናማ ጠርሙስ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ቀለምን ሁሉ የሚያዩ ሰሌዳዎች በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በጋዜጣ ወረቀት ላይ የሚታተም የነጥብ ምስል ሻካራ ስለ ነበረ፣ ለረጅም ጊዜ ጠርሙስን ለማስታወቂያ በእጅ መሣል ፎቶግራፍ ከማንሣት የተሻለ ሆኖ ቆይቷል። ሠዓሊው የፈለገውን ነጸብራቅ በፈለገበት ቦታ በብሩሽ ያኖራል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን ያንኑ ነጸብራቅ በክፍሉ ውስጥ መገንባት አለበት።

የክብ ገጽ ሒሳብ

ይህ ግንባታ የሚመራበት ሕግ ቀላል ነው። ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ በገባበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። ሕጉን ግሪኮች ያውቁት ነበር፤ ኢብን አል-ሃይሠምም በ11ኛው ምእተ ዓመት በክብ መስተዋቶች ላይ ሳይቀር በሰፊው መርምሮታል። በጠርሙስ ላይ ሲሠራበት የሚሰጠው ውጤት ግን ያልጠበቀውን ሰው ያስገርማል።

የጠርሙሱ አካል ቀጥ ያለ ሲሊንደር ነው እንበል። ከካሜራው ትይዩ ያለው መካከለኛ መስመር ካሜራውን ራሱን መልሶ ያሳያል። ከመካከሉ ወደ ጎን በተሄደ መጠን ገጹ የሚዞርበት ማዕዘን ሲያድግ፣ የሚታየው ነገር አቅጣጫ በእጥፍ ይዞራል። ገጹ 45 ዲግሪ በዞረበት ቦታ ላይ የሚታየው ልክ በጠርሙሱ ጎን 90 ዲግሪ ላይ ያለው ነገር ነው። ከዚያ አልፎ እስከ ጠርዙ ድረስ የሚታየው ከጠርሙሱ በስተኋላ ያለው ይሆናል። ስለዚህ ከካሜራው የሚታየው የጠርሙሱ ግማሽ ገጽ መላውን ክፍል፣ አራቱንም ግድግዳ፣ በላዩ ይሸከማል።

መጠኑም በቀላሉ ይሰላል። የጠርሙሱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መካከለኛው 42 ሚሊ ሜትር ያህል ከፊት ለፊት ላለው የክፍሉ ግማሽ የተመደበ ነው። የኋላው ግማሽ በግራና በቀኝ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት ጠባብ ሰቆች ውስጥ ተጨናንቆ ይቀመጣል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ከጎን ወደ ፊት ቢገኝ፣ በጠርሙሱ ላይ የሚተወው ነጸብራቅ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው። በማስታወቂያ ላይ በጠርሙስ ትከሻና ጎን የምትታየው ያች ቀጭን ነጭ መስመር እንግዲህ የአንድ ትልቅ የብርሃን ሰሌዳ ምስል ናት።

ተራ ብርጭቆ ፊት ለፊት ከመጣበት ብርሃን ከአንዱ ገጹ የሚመልሰው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ይምሰል እንጂ፣ ከጨለማው ቡናማ አካል አጠገብ ሲታይ ዓይንን ለመሳብ ይበቃል። ብርሃኑ በ56 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ሲመጣ የሚመለሰው ነጸብራቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ በፖላራይዘር ማጥፋት ይቻላል፤ ይህን ማዕዘን ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 ደንግጎታል። ይሁን እንጂ ነጸብራቁ ፈጽሞ ቢጠፋ ጠርሙሱ ብርጭቆ መሆኑን የሚናገር ምስክር አይቀርም። የባለሙያው ተግባር ነጸብራቁን መምረጥ ነው።

መስኮቱና ፀሐዩ

በአውሮፓ የተጻፉት የጥንት መመሪያዎች የስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፤ በዚያ አገር ፀሐይ በሰሜን መስኮት እኩለ ቀን ላይ ከቶ አትገባምና። ይህ ምክር ወደ ጎንደርና ወደ አዘዞ እንዳለ ሲዛወር አይሠራም። አካባቢው በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽም ጧት ስትወጣና ማታ ስትገባ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። በዚህ ወራት በሰሜን መስኮት የቆመ ጠርሙስ ፀሐይ ይመታዋል፤ ነጸብራቁም የሚያቃጥል ነጥብ ይሆናል። መድኃኒቱ ጥንትም ዛሬም ቀላል ነው፦ መስኮቱን በነጭ አቡጀዴ፣ ወይም መሐንዲሶች ለንድፍ በሚጠቀሙበት አሳላፊ ወረቀት መሸፈን። ያን ጊዜ ፀሐይቱ ትጠፋና የተሸፈነው መስኮት ራሱ ብርሃን ሰጪ ሰሌዳ ይሆናል። የክረምት ደመናም በሰማይ ላይ የተዘረጋ ታላቅ አቡጀዴ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ የብርሃን ሥርዓቶች

ለብርጭቆ የሚሠራባቸው ዋና ሥርዓቶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ከጠርሙሱ በስተጀርባ ብሩህ ነጭ ሰሌዳ ይቆማል፤ ከሰሌዳው ውጪ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ያን ጊዜ የጠርሙሱ አካል በብርሃን ሲሞላ ጠርዞቹ ጥቁር መስመር ሆነው ቅርጹን ይጽፉታል። በሁለተኛው ሥርዓት ነገሩ ይገለበጣል። ጀርባው ጥቁር ሲሆን ብርሃኑ ከጎንና ከኋላ ይመጣል፤ ጠርዞቹም እንደ ብር ክር ያበራሉ። ጥቁር ካርቶን በግራና በቀኝ ማቆም፣ ካሜራውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሌንሱን ብቻ ማሳየት፣ ባለሙያውም ጥቁር ልብስ መልበሱ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቡናማ ጠርሙስ ከሁለቱም በላይ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ቢራው እንዲበራ በጠርሙሱ ቅርጽ የተቆረጠ ነጭ ወይም ወርቃማ ወረቀት ከጀርባው ይደበቃል፤ ከኋላ የተላከውም ብርሃን በዚህ ተመልሶ በቢራው ውስጥ ያልፋል። የወረቀት መለያው ደግሞ ብርሃን በታኝ ስለሆነ የራሱን መብራት ይሻል። በላዩ የሚታየው ጤዛ ብዙ ጊዜ በየሱቁ ከሚሸጠው ግሊሰሪንና ከውሃ ተቀላቅሎ የተረጨ ነው፤ ውሃ ብቻውን በመብራቱ ሙቀት ፈጥኖ ሲደርቅ ግሊሰሪን ያለበት ጠብታ ግን ለሰዓታት ይቆያል።

ፋብሪካው፣ ማስታወቂያውና ሕጉ

በኢትዮጵያ የጠርሙስ ቢራ ታሪክ የሚጀምረው በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ፣ ገዢን ለመማረክ የሚደረገው ውድድር ቀዝቅዞ ቆየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎች ወደ ግል ይዞታ መዛወር ሲጀምሩ፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በተራራው ስም የተጠራው ዳሸን በጎንደር ሥራውን ሲጀምር ሁኔታው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች፣ በ2012 ዲያጆ ሜታን ገዙ፤ በዚያው ዓመት የውጭ ባለሀብቶች በዳሸን ውስጥ ድርሻ ያዙ። የጠርሙስ ምስል በጎዳና ሰሌዳና በቴሌቪዥን የበዛው በዚህ ወቅት ነው። ቀድሞ ለሠርግና ለመታወቂያ ፎቶግራፍ ብቻ ይሠራ ለነበረው የአገራችን ስቱዲዮ፣ የሚያንጸባርቅ ዕቃን ማንሣት የእንጀራ ሙያ ሆነ።

ዘመኑ ግን አጭር ነበር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የአልኮል መጠናቸው ከ12 በመቶ የሚበልጥ መጠጦች በመገናኛ ብዙኃን እንዳይተዋወቁ ሲከለክል ቢራን አልነካውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ግን ቢራን ጨምሮ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ አገደ። የሕጉ ዓላማ ወጣቱን ከመጠጥ መጠበቅ ነውና ተገቢነቱን ብዙዎች ተቀብለውታል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ተከትሎት መጣ፦ በቢራ ጠርሙስ ፊት የተማረው እጅ ከእንግዲህ ምን ይሥራ?

እውነትና ጌጥ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት ስለ ሙያው እውነተኛነት ማንሣት ያስፈልጋል። በአገራችን የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ ነው። ታጥቦ ሲሞላ፣ በማጓጓዣው ላይ ከወንድሞቹ ጋር ሲጋጭ፣ በትከሻውና በታችኛው ዙሪያው ላይ የተፋቀ ነጭ ቀለበት ያወጣል። ጠጪው በእጁ የሚይዘው ይህን ጠርሙስ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ የሚቆመው ግን ከብዙዎች መካከል የተመረጠ፣ ጭረት ያልነካው አዲስ ጠርሙስ ነው። ጤዛው ግሊሰሪን፣ የቢራው ብርሃን የተደበቀ ወረቀት ነው። ይህ ሁሉ ማታለል ነውን?

ሕጉ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ልዩነቱም ሳይታይ የሚቀር አይደለም። ብርጭቆ ብርጭቆ መስሎ እንዲታይ ብርሃኑን ማዘጋጀት የዕቃውን ጠባይ መግለጥ ነው። በውስጡ የሌለውን ቀለም፣ መጠን ወይም ጥራት ማሳየት ግን ሐሰት ነው። ነጸብራቁን መምረጥ ተፈቅዷል፤ ዕቃውን መለወጥ ግን አልተፈቀደም። በዘመናችን ምስል በኮምፒውተር ያለ ጠርሙስና ያለ መብራት ሊሠራ የሚቻል ስለሆነ፣ ይህን ወሰን ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አስፈላጊ ሆኗል።

ያው ብርሃን ለውበት ብቻ እንዳልተፈጠረ በጠርሙስ መሙያ ፋብሪካዎች ውስጥ ይታያል። ታጥቦ የመጣው ባዶ ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት ብሩህ ነጭ ሰሌዳ ፊት ያልፋል። ቀድሞ ሠራተኛ ተቀምጦ በዓይኑ ይመለከተው ነበር፤ በኋላ ካሜራ ተተካ። ስንጥቅ፣ ቆሻሻ ወይም የተሰበረ አፍ በብሩሁ ጀርባ ላይ ጥቁር ሆኖ ይጋለጣል። ይህ ከላይ የተገለጠው የመጀመሪያው የብርሃን ሥርዓት ነው። በስቱዲዮ ጠርሙሱን የሚያስጌጠው ብርሃን በፋብሪካው ጉድለቱን ያወጣዋል።

የተማረው እጅ ሥራም ከዚሁ ይገኛል። በጎንደርና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት የብርና የናስ መስቀሎች፣ ጽናሖችና ጽዋዎች ይገኛሉ። እነዚህ ቅርሶች ሲመዘገቡ በካሜራው ብልጭታ ፊት ለፊት ቢነሡ፣ በምስሉ ላይ የሚቀረው ነጭ ነጸብራቅ እንጂ የመስቀሉ ቅርጸ ጌጥ አይሆንም። ቅርሱ የተሰረቀ ዕለት እንዲህ ያለው ምስል በፍርድ ቤትም ሆነ በጉምሩክ ምስክር ሊሆን አይችልም። አንድ ሜትር አቡጀዴ፣ ሁለት ጥቁር ካርቶንና የማዕዘኑን ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ግን፣ በጠርዙ ላይ ያለው ጭረት፣ በእጀታው ላይ ያለው ጽሑፍና የሠሪው የመዶሻ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ያም ጭረት በሌላ መስቀል ላይ የማይገኝ መታወቂያው ነው።

ማስታወቂያው ጭረት የሌለውን ጠርሙስ ሲፈልግ፣ የቅርስ መዝገብ የሚፈልገው ጭረቱን ነው። ጥበቡ ግን አንድ ነው። ለቢራ ገበያ ሲባል በጎንደርና በአዲስ አበባ የተለመደው ይህ ዕውቀት፣ ገበያው ስለ ተዘጋ ብቻ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር፣ የሙያ ማኅበራትና የትምህርት ተቋማት ከቅርስ ጠባቂዎች ጋር ተገናኝተው ሊመክሩበት ይገባል።